የኮሌጃችንን ሕንፃዎች በመታወቂያ ካርድ ልንከፍት ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ (የኮሌጅ አስተዳደር ሠራተኛ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ከኮምፒውተር ቤተ ሙከራችን ዕቃ ጠፍቶ ቁልፉ በእነማን እጅ እንዳለ ሲጠየቅ አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም። ማኔጅመንቱም የቤተ ሙከራዎች፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የሬጅስትራር መዝገብ ቤትና የሴቶች ማደሪያ በሮች በተማሪና በሠራተኛ መታወቂያ እንዲከፈቱ ወስኗል። እኔም የጨረታ ሰነዱን በሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። አንዱ አቅራቢ በ125 ኪሎ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ካርድ በርካሽ አቅርቦልናል፤ ሌላው 13.56 ሜጋ ኸርዝ ካልሆነ አይሆንም ይላል፣ ዋጋው ግን በጣም ይበልጣል። የቱን እንምረጥ? መብራት ሲጠፋ በሮቹ ምን ይሆናሉ? ሁሉም ሰው ፋይዳ እያወጣ ስለሆነ በእሱ መጠቀም አይቻልም ወይ? የጥበቃ ሠራተኞቻችንም «ማሽን ሊተካን ነው» ብለው ሰግተዋል፤ ምን እንበላቸው?

የኔትወርክ ባለሙያ፦
የ125ቱን ርካሽ ካርድ ተዉት። ይህ ካርድ በር ላይ የሚገጠመው የካርድ ማንበቢያ መሣሪያ (አንባቢው) ፊት ሲቀርብ ቁጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ በኪስ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ቁጥሩን ወስዶ በባዶ ካርድ ላይ መገልበጥ የሰከንዶች ሥራ ነው። ነገር ግን 13.56 ስለተባለ ብቻም አትመኑ። በዚያው ሞገድ የሚሠራው ማይፌር ክላሲክ የተባለ የካርድ ዓይነት እስካሁን በገበያ ላይ በብዛት አለ፤ የምስጢር ስልቱን ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሰብረውታል። በሰነዱ ላይ «ማይፌር ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3፣ ወይም በኤኢኤስ 128 ቢት የሚሠራ አቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ኤኢኤስ ጠንካራ የምስጢር ስልት ነው።

ብዙዎች የሚሞኙበት ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ውድ ካርድ ተገዝቶ አንባቢው የካርዱን የመለያ ቁጥር ብቻ እንዲያነብ ተደርጎ ይገጠማል። ያ ቁጥር ምስጢር አይደለም፤ ስለዚህ ለኤኢኤስ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። አንባቢው በምስጢር ቁልፍ የተጠበቀውን የካርዱን ክፍል እንዲያነብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በርክክብ ቀንም በዓይናችሁ ፊት አሠርታችሁ እዩ። የምስጢር ቁልፎቹም የኮሌጁ ይሁኑ። በአቅራቢው እጅ ከቀሩ ነገ ካርድ ለመጨመር እንኳ ወደ እሱ መመለሳችሁ አይቀርም።

ከአንባቢው እስከ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው (በሩ ይከፈት አይከፈት የሚለውን እስከሚወስነው ሣጥን) ያለው መስመርም ቢቻል ኦኤስዲፒ ይሁን፤ ይህ መረጃን በምስጢር ማስተላለፍ የሚችል የመገናኛ ዘዴ ነው። አሮጌው የዊጋንድ ዘዴ የካርዱን ቁጥር ያለ ምንም ምስጢር ነው የሚያስተላልፈው።

የኤሌክትሪክ ገጣሚ፦
ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ፤ እንጀራዬ ስለሆነ። በሩ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን የሚወስነው የቁልፉ ዓይነት ነው። የማግኔት ቁልፍ በኤሌክትሪክ ኃይል ተይዞ የሚቆም ስለሆነ ኃይሉ ሲቋረጥ ይለቃል። ምላሱ በኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ዓይነት ደግሞ በአብዛኛው ኃይሉ ሲቋረጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ ከውስጥ ግን በእጀታ ይከፈታል። ለመዝገብ ቤትና ለቤተ ሙከራ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሰው በሚተኛበትና በሚሰበሰብበት ሕንፃ ማግኔት ከሆነ ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር ይገናኝ፤ ደወሉ ሲጮህ ኃይሉ ወዲያው እንዲቋረጥ።

ባትሪውን አስሉት። 280 ኪሎ የሚይዝ የተለመደ ማግኔት በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ገደማ ይወስዳል። መቆጣጠሪያውንና አንባቢውን ጨምሩና ዜሮ ነጥብ ሰባት አምፔር በሉት። ሰባት አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ አሥር ሰዓት ይሰጣችኋል፤ ሲያረጅ ግማሹን ቢሰጥ አመስግኑት። የባትሪ መቀየሪያ በጀት ከአሁኑ ይያዝ፤ ሳይያዝ የቀረበት ቦታ ሁሉ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ በሮቹ ወደ ተንጠልጣይ ቁልፍ ተመልሰዋል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። አንዳንዱ ርካሽ አንባቢ በሩን የሚያስከፍተው ማብሪያ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ሌባ ከውጭ ሁለት ብሎን ፈትቶ ከግድግዳው ቢነቅለው፣ ከጀርባው ሁለት ሽቦ አነካክቶ ይገባል። ማብሪያው ከውስጥ በኩል፣ በተቆለፈ ሣጥን ባለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ መሆን አለበት። ሕንፃ ከሕንፃ ስታገናኙም በፋይበር ይሁን፤ የክረምት መብረቅ በመዳብ ሽቦ ተጉዞ ሰሌዳዎቹን በአንድ ሌሊት ይጨርሳቸዋል።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦
ስለ ካርዱና ስለ ሽቦው ብዙ ተባለ። በእኔ እምነት ይህ ሥራ የሚቆመውም የሚወድቀውም በስም ዝርዝሩ ነው። ካርድ ማደል ቀላል ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ መሰረዝ ነው ከባዱ። ተማሪ በውጤት ይሰናበታል፣ በሕመም አቋርጦ ይወጣል፣ በሪአድሚሽን ይመለሳል፣ ክሊራንስ ጨርሶ ይመረቃል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሬጅስትራር ነው፤ የበሩ ኮምፒውተር ግን የሚቀመጠው አይሲቲ ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል መረጃ በደብዳቤ የሚመላለስ ከሆነ ዓምና የተመረቀው ዘንድሮም ቤተ ሙከራውን ይከፍታል። ስለዚህ የሬጅስትራር ለውጥ ቢያንስ በየሌሊቱ ወደ በሮቹ ዝርዝር በራሱ እንዲተላለፍ፣ ለሠራተኛም ከሰው ኃይል አስተዳደር ጋር እንዲሁ እንዲሆን በሰነዱ ላይ አስገቡ። የካርድ መሰረዝን የክሊራንስ ቅጹ አንድ መስመር አድርጉት።

የማታና የቅዳሜ እሁድ ተማሪዎችንም አትርሱ። የበሮቹ የመክፈቻ ሰዓት በሥራ ሰዓት ብቻ ታስቦ ቢሞላ እነሱ ውጭ ይቀራሉ። ከሁሉ የሚረሱት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የሚገቡት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። አብዛኞቹ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ስለሆኑ ስማቸው በሰው ኃይል መዝገብ ላይ አይገኝም።

የካርዱ የውስጥ ቁጥርና የተማሪው መለያ ቁጥር የተለያዩ ይሁኑ። ካርድ ሲጠፋ የካርዱን ቁጥር ብቻ ሰርዛችሁ በዚያው የተማሪ ቁጥር አዲስ ትሰጣላችሁ። ካርዱ እንዳይበሳም ለተማሪዎቹ ንገሩ። በዳርና ዳር ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የመዳብ ጥቅል አለው፤ ማንጠልጠያ ክር ለማስገባት ሲበሱት ይቆረጥና ካርዱ ይሞታል። ማኅደር ግዙላቸው።

የቀድሞ ፕሮክተር፦
በሴቶች ማደሪያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ስለ ማደሪያው ልናገር። በሩ ካርድ ሲጠይቅ የመጀመሪያዋ ልጅ ከፍታ ትገባለች፤ ከኋላዋ የምትመጣውን ደግሞ በሩን ይዛ ትጠብቃታለች። እኛ ዘንድ በሰው ፊት በር መዝጋት ነውር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ለብቻው ማደሪያ አይጠብቅም፤ ፊት የሚያውቅ ሰው በሩ ላይ ያስፈልጋል። ለጥበቃዎቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ግን ለማጽናናት ብቻ እንዳይሆን፣ በሥራ መዘርዝራቸው ላይ ጻፉላቸው። ቁልፍ ይዘው ሲሯሯጡ የሚያጠፉትን ጊዜ ለዙርና ለእንግዳ መቀበያ ያውሉታል። ሥልጠናውም ከተማሪው በፊት ለእነሱ ይሰጥ።

ሌላው፣ ካርዷ የጠፋባት ልጅ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ውጭ መቆም የለባትም። «ሲስተሙ አልፈቀደም» የሚል መልስ ለሴት ልጅ በጨለማ አይሰጥም። ተረኛዋ ፕሮክተር ማንነቷን በፎቶዋ አመሳክራ፣ በመዝገብ ላይ ጽፋ ታስገባት። ይህ ሕግ ሆኖ በሩ ላይ ይለጠፍ።

ከሜሪላንድ (አሜሪካ)፦
እዚህ በአንድ ኮሌጅ የበሮች ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ወገኖቼ፣ ሁሉንም በር ካርድ አታድርጉ። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ የመማሪያ ሕንፃዎች ቀን ክፍት ናቸው፤ ካርድ የሚጠየቀው ማታ ነው። ለመውጣት ደግሞ ማንም ካርድ አይጠየቅም፤ ይህ የእሳት አደጋ ሕግ ነው፣ በየትኛውም አገር መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

በአንድ ሕንፃ ጀምሩና አንድ ሙሉ ሴሚስተር እዩት። በሩ ሥር ድንጋይ ተደርጎ ካገኛችሁ ተማሪውን ከመቅጣታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የበሩ ሰዓት ከትምህርቱ ሰዓት ጋር ስላልገጠመ ነው። መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎቹም ኔትወርክ ሲቋረጥ ዝርዝሩን በራሳቸው ማኅደረ ትውስታ ይዘው መሥራት አለባቸው። አንባቢዎቹን በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው በሚደርስ ከፍታ ግጠሙ፤ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ድምፅም ይኑረው፣ ማየት ለተሳነው።

የሕግ መምህርት፦
ስለ ፋይዳ የጠየቁትን ልመልስ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ተማሪው ሲመዘገብ ማንነቱን በፋይዳ አረጋግጡ፤ ለበሩ ግን የኮሌጁን ካርድ ስጡ። የብሔራዊ መለያ ቁጥሩ በበር አንባቢ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመግቢያና መውጫ መዝገቡ ነው። ማን መቼ የት እንደገባ የሚናገር መዝገብ የአንድን ተማሪ ውሎ ሙሉ በሙሉ ያሳያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተወሰነ ዓላማ እንዲሰበሰብና ዓላማው ካለቀ በኋላ እንዳይቆይ ይጠይቃል። ስለዚህ መዝገቡን ማን እንደሚያይ፣ በማን ፈቃድ እንደሚታይና መቼ እንደሚጠፋ ዕቃው ሳይገዛ በፊት ይወሰን። ለዕቃ መጥፋት ምርመራ የተሰበሰበ መዝገብ ተማሪ ከማን ጋር እንደሚውል ለማወቅ ቢውል፣ ተማሪው በኮሌጁ ላይ ያለውን እምነት መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። አቅራቢ የጣት አሻራ ጨምሩ ቢላችሁ አትቀበሉ። ካርድ ቢጠፋ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ኮሚቴው ፊት የማቀርበው ሐሳብ ተለውጧል። የ125ቱን ከሰነዱ አወጣለሁ፤ ቤተ ሙከራዎቹን አስቀድመን ማደሪያውን እናቆየዋለን፣ የሌሊቱ አሠራር ተጽፎ ሳይጸድቅ አንነካውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ለጠፋ ካርድ ስንት እናስከፍል? ፋይናንስ ክፍሉ ከፍ ያለ ቅጣት ይፈልጋል።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦
የካርዱን ዋጋ ብቻ አስከፍሉ፣ ከዚያ አትለፉ። ቅጣቱ ከበዛ ካርድ የጠፋበት ተማሪ ዝም ብሎ በጓደኛው ካርድ ይገባል፤ የጠፋው ካርድ ደግሞ ሳይሰረዝ በማይታወቅ ሰው እጅ ይቆያል። ተማሪው መጥፋቱን በዚያኑ ቀን እንዲናገር ነው የምትፈልጉት። ሪፖርት ማድረጉም ከቢሮ ሰዓት ውጭ ይቻል፤ ለምሳሌ በር ላይ ላለው ተረኛ ጥበቃ ነግሮ እሱ በስልክ እንዲያሰርዝለት። ተማሪው አዲሱን ካርድ በማግስቱ መጥቶ ይወስዳል።