የእማዬ አውሮፕላን ደብሊን አርፏል ይላል፣ እባካችሁ የምታውቁ!

የጎተራዋ፦ ቶሎ መልሱልኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። እማዬ ትናንት ማታ ከቦሌ ተነስታ ዋሽንግተን እየሄደች ነው። ትኬቷ መነሻ 22፡45፣ መድረሻ 8፡30 ይላል። ስለዚህ ጠዋት 2፡30 መድረሷ ነበር። አሁን በስልኬ ስከታተል አውሮፕላኑ አየርላንድ፣ ደብሊን አርፏል ይለኛል! ቀጥታ በረራ ነው ተብሎ ነው የተገዛው። ተበላሽቶ ነው? ዲሲ ያለችው እህቴ ስልክ አታነሳም። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ደረስኩ ብላ ብትወርድስ?

ናቲ፦ አይዞሽ፣ ነዳጅ ሊቀዳ ነው።

ጋሽ ካርታ፦ ልጄ፣ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላ አይሠሩም። ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከነሰዉ ከነሻንጣው ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ይከብዳል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱም ከፊት ነው። ደብሊን ደግሞ በካርታ ሲያዩት ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል እንጂ በሉል ላይ ክር ወጥረሽ ብትለኪው የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሲመለሱ ግን የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ዱላስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፣ ሳያርፉ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ናቸው።

ሰላም፦ ቀጥታ ማለት እኮ አያርፍም ማለት አይደለም። አውሮፕላን አትቀይርም ማለት ነው። የገዛው ሰው መንገድ ላይ ያርፋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የጎተራዋ፦ ወቀሳውን አሁን ተዉትና፣ ትወርዳለች ወይስ አትወርድም?

ሀና ከዲሲ፦ አትወርድም የኔ እህት። አምና እናቴን ይዤ በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። አንድ ሰዓት ያህል ሁላችንም ወንበራችን ላይ ቆየን፣ አስተናጋጆቹም በአማርኛ ነገሩን። ሰዓቱን ግን ተሳስተሻል። 8፡30 የዚህ አገር ሰዓት ነው። አሁን በ7 ሰዓት ትቀድሙናላችሁ፣ ስለዚህ የምትደርሰው በእናንተ ከቀኑ 9፡30 ነው። መንገዱ በጠቅላላው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። እህትሽም ተኝታ ነው፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ነው።

ናቲ፦ ነዳጅ ነው አላልኩም?

ቢኒ፦ አውሮፕላኑስ ይደርሳል፣ እኔን ያሳሰበኝ ሻንጣ ውስጥ ያለው ቋንጣ ነው! የምሬን ነው፣ ሥጋ አያስገቡም። ይዛ ከሆነ ጉምሩክ ላይ ሳትደብቅ ትናገር።

የጎተራዋ፦ ቋንጣ የለም፣ በርበሬና ሽሮ ብቻ። ጉልበቷን ስለሚያማት ዊልቸር ጠይቀንላታል።

ሀና ከዲሲ፦ ጥሩ አደረጋችሁ። የሚገፋት ሰው ፓስፖርቱንም ሻንጣውንም አሳልፎ እስከ ውጭ ያደርሳታል። ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ 9፡30 ላይ ካልደወለች እንዳትደነግጪ።

የጎተራዋ፦ ተነሳ! አሁን ተነስቷል ይላል! እግዜር ይስጣችሁ።

ሀና ከዲሲ፦ እሺ የኔ እህት፣ 9፡30 አልፏል፣ ደረሰች?