አንድ ዕጩ ብቻ የቀረበበት ወንበር ተመረጠበት ይባላል? በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ስለነበረው የዌልስ የአካባቢ ምርጫ

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ለተማሪዎቼ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው አውሮፓ ሳስተምር፣ ሁልጊዜ ከሚነሡት ከጀርመንና ከጣሊያን ወጣ ብዬ ዌልስን በምሳሌነት ወስጃለሁ። ተራራማ፣ በግ አርቢ፣ የራሷ ቋንቋ ያላት፣ መሬትና ቤተ ክርስቲያንም የፖለቲካዋ ማገር ሆነው የኖሩባት አገር በመሆኗ፣ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ከበርሊን ይልቅ ትቀርበዋለች ብዬ ነው።

ክርክር የተነሣው የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ላይ ስንደርስ ነው። እንደ ካርዲጋንሻየር ባሉት የገጠር ካውንቲዎች (ካውንቲ የአስተዳደር አውራጃ ነው) በብዙ የምርጫ ክልሎች አንድ ዕጩ ብቻ እየቀረበ ኮሮጆ ሳይከፈት ተመራጭ ሲባል፣ በደቡብ በኩል በድንጋይ ከሰል ሸለቆዎች ግን በዚያው ሕግና በዚያው ዓመት ብርቱ ፉክክር ይደረግ ነበር። አንዲት ተማሪ ይህን ስትሰማ «ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? ይህ ምርጫ ሳይሆን ሹመት ነው» አለች፤ ሌላው ደግሞ «ሰው ከተስማማ ለምን በከንቱ ይወዳደራል?» ብሎ መለሰላት፤ ክፍሉም ለሁለት ተከፈለ።

ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? እግረ መንገዴንም፣ አልደርማን የሚባሉት አባላት በማን እንደሚመረጡ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጉልኝ።

መልስ 1፦ የሕግ ባለሙያ፣ ከደብረ ሲና

መምህር፣ እርስዎ ለጠየቁት ነገር መነሻው የ1888 ሕግ ነው። የካውንቲ ምክር ቤቶችን የፈጠረው እርሱ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫ በጥር 1889 ተደረገ። በዌልስ ሞንማውዝሻየርን ጨምሮ 13 ካውንቲዎች ነበሩ። ከአንደኛው ጦርነት በኋላ የካውንቲ ምርጫ በ1919 ተጀምሮ በየሦስት ዓመቱ በመጋቢት ወር እስከ 1937 ድረስ ሲካሄድ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ተመራጮቹ ሁሉ በአንድነት ይለወጡ ነበር። በ1940 ሊደረግ የሚገባው በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። የከተሞቹ ሥርዓት ግን የተለየ ነበር፤ የቦሮ ምክር ቤቶች ምርጫ በየዓመቱ በኅዳር መጀመሪያ እየተደረገ፣ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይለወጥ ነበር።

አልደርማኖቹን ሕዝቡ አይመርጣቸውም። የሚመርጧቸው ራሳቸው የምክር ቤቱ አባላት ናቸው፤ ቁጥራቸው የተመራጮቹን አንድ ሦስተኛ ያህል ሆኖ ለስድስት ዓመት ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹም በየሦስት ዓመቱ ይወጣሉ። ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ ሰው መምረጥም የተፈቀደ ስለነበር፣ መራጩ ሕዝብ የጣለውን ሰው ባልንጀሮቹ በአልደርማንነት መልሰው ሊያስገቡት ይችሉ ነበር። አንድ ወገን በአንድ ምርጫ ቢያሸንፍም ካለፈው ጊዜ የቀሩት አልደርማኖች ሚዛኑን ሊያዛቡበት ስለሚችሉ፣ የተመራጮችን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ ምክር ቤቱ የማን እንደነበረ መናገር አይቻልም። ለእኔ ከሕጉ ሁሉ ደካማው ክፍል ይህ ነው።

ስለ አንዱ ዕጩ የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ ተወዳዳሪ ካልቀረበ ድምፅ መስጠት አያስፈልግም፣ የቀረበውም ተመረጠ ተብሎ ይታወጃል። ተማሪዎችዎ ቢመረምሩት የምመክረው ግን የዕጩዎቹን ዝርዝር ሳይሆን የመራጮችን መዝገብ ነው። በ1918 በወጣው ሕግ ለፓርላማ ምርጫ ዕድሜው 21 የሞላው ወንድ ሁሉ በነዋሪነቱ ብቻ ድምፅ አገኘ፤ ለአካባቢ ምርጫ ግን ቤት ወይም መሬት በባለቤትነት ወይም በኪራይ የያዘ መሆን ነበረበት። በራሷ ስም ቤት ወይም መሬት የያዘች ሴት በ21 ዓመቷ፣ በባሏ በኩል የምትመዘገበው ሚስት ደግሞ በ30 ዓመቷ ትመርጥ ነበር፤ የሚስቶቹ ዕድሜ ወደ 21 የወረደው በ1928 ነው። እንግዲህ በዌልስ ገጠር በጌታው ግቢ፣ ከፈረስ ጋጣው በላይ ባለው ቆጥ ላይ የሚያድረው የእርሻ ሎሌ፣ ለንደን ለሚቀመጠው ፓርላማ ድምፅ እየሰጠ፣ የደጁን መንገድ ለሚያስጠግነው ምክር ቤት ግን ድምፅ አልነበረውም። ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ጎልማሳ ልጅም እንዲሁ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1945 ነው።

መልስ 2፦ ጡረተኛ፣ ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ

የሕግ ባለሙያው ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም የመዝገቡ ሁኔታ በከሰል ሸለቆዎቹም ያው ስለነበር፣ ልዩነቱን እርሱ ብቻውን አያስረዳውም። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ገጠሩ የሚወዳደርበት ጉዳይ አልቆበት ነበር።

ከጦርነቱ በፊት ጉዳዩ ሁለት ነበር፤ መሬትና ቤተ ክርስቲያን። መሬቱ የጥቂት ባላባቶች፣ ገበሬውም ጭሰኛ ነበር፤ ባላባቱ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሲከተል፣ ጭሰኛው ቻፕል በሚባሉት የተለዩ ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤቶች ይሰበሰብ ነበር። በ1868 ምርጫ ለሊበራል ፓርቲ ድምፅ የሰጡ ጭሰኞች በካርዲጋንሻየርና በካርማርዘንሻየር ከመሬታቸው ተነቅለዋል፤ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ በ1872 ለተደነገገው ሕግ አንዱ መነሻም ይህ በደል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ሊቀ መንበር በእጅ ማውጣት ሲመረጥ ቆሜ አይቻለሁና፣ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ጎረቤቱን እንዴት ገልመጥ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ለዚህ የምስጢር ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም።

ስለዚህ በ1889 የካውንቲ ምርጫ ሲመጣ የዌልስ ገበሬ ኮሮጆውን እንደ ፍርድ ቤት ቆጠረው። ባላባቶቹ በብዙ ቦታ ወደቁ፤ ሊበራሎቹም ከብሬክንሻየር በስተቀር ሁሉንም ካውንቲ ያዙ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉ። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ትልልቆቹ ርስቶች እየተቆራረሱ ተሸጡ፤ ጭሰኛው፣ ብዙ ጊዜ በባንክ ብድር፣ የሚያርሰውን መሬት ገዛ። በ1914 የወጣውና በጦርነቱ ምክንያት የዘገየው ሕግ በ1920 ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በዌልስ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንነቷ ቀረ፤ ከጥንታዊ ሀብቷም ከፊሉ ለካውንቲ ምክር ቤቶቹና ለዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። የሁለት ትውልድ ሙግት በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ተፈታ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ወንበሩን የሚይዘው የቻፕሉ ዲያቆን፣ ደህና ገበሬ፣ ወይም የገበያው ነጋዴ ሆነ፤ ብዙውም የፓርቲ ስም ሳይዝ ራሱን ችሎ ይቆም ነበር። እዚህ ላይ ዲያቆን ሲባል በምእመናኑ የሚመረጥ የጉባኤ ሽማግሌ እንጂ በእኛ ሥርዓት ክህነት የተቀበለ እንዳልሆነ ለተማሪዎቹ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ልብ በሉ፣ የምክር ቤት አባል ደመወዝ አልነበረውም። ስብሰባው በሥራ ቀን፣ በቀን ብርሃን ነበር። ካርዲጋንሻየርን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ደግሞ የሚያውሉትን ሰዓታት ማሰብ ነው። እንዲህ ላለው ነገር ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላ ሰው ብዙ አይገኝም።

ለማነጻጸር ያህል፣ የእኛ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲሆኑ ነበር ያዘዘው፤ ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጥበት ሥርዓት የመጣው ከ1948 ዓ.ም. የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። የዌልሱ ጭሰኛ ልጅ በ1923 ዓ.ም. ባይወዳደርም፣ ልወዳደር ቢል የሚከለክለው አልነበረም።

መልስ 3፦ የኅብረት ሥራ ባለሙያ፣ ከዓለም ከተማ፣ መርሐ ቤቴ

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ገጠሩ ጉዳይ አልቆበት ነበር ያሉት ለመሬት ገዢው እውነት ነው፤ ከፈረስ ጋጣው በላይ ለሚያድረው ሎሌ ግን ያለቀ ነገር አልነበረም። የእርሱ ጉዳይ መድረክ ስላጣ ነው ዝምታው ስምምነት የመሰለው። ካርማርዘንሻየርን ያየ ይህን ይገነዘባል፤ በአንዱ ካውንቲ ውስጥ፣ በገጠሩ ክፍል ወንበሩ ያለ ፉክክር ሲያዝ፣ ቆርቆሮና ከሰል በሚመረትባቸው በላኔሊና በአማን ሸለቆ ግን ሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ ዕጩ እያቆመ ይሟገት ነበር።

የሸለቆዎቹ ምርጫ የጋለው ምክር ቤቱ እንጀራ ስለያዘ ነው። ቤት የሚያሠራው፣ መምህር የሚቀጥረው፣ ከ1930 ጀምሮ ደግሞ የድሆችን መደጎሚያ የሚወስነው እርሱ ነበር። ከዚያ በፊት መደጎሚያው በተለየ ምርጫ በሚመረጡ የድሆች ጠባቂዎች ቦርድ እጅ ነበረ፤ የ1918 ሕግ ደግሞ ተደጓሚ ድምፅ አይሰጥም የሚለውን የቆየ ክልከላ ስላነሣ፣ ተቸጋሪው ራሱ የሚረዳውን ቦርድ ይመርጥ ጀመር። በ1926 የከሰል ሠራተኞቹ ለወራት ከሥራ ውጭ በሆኑ ጊዜ፣ በሞንማውዝሻየር የቤድዌልቲ ቦርድ ለቤተሰቦቻቸው እየተበደረም ቢሆን ከፈለ። መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ተጠቅሞ በ1927 የተመረጡትን አባላት አነሣና በምትካቸው የራሱን ኮሚሽነሮች ሾመ፤ መደጎሚያውም ክፉኛ ተቀነሰ። ለዚያች ተማሪ ሹመት ማለት ምን እንደሆነ ማሳየት ከፈለጉ፣ መምህር፣ ከካርዲጋንሻየሩ ብቸኛ ዕጩ ይልቅ ቤድዌልቲን ያሳዩአት።

የትሬዲጋር ከተማ ልጅ የሆነው የሌበር ፖለቲከኛ የአኑሪን ቤቫን መንገድም ለክፍል ይመቻል። የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ራሱም ቆፋሪ ነበር፤ በ1922 የከተማውን ምክር ቤት፣ በ1928 የሞንማውዝሻየርን፣ በ1929 ፓርላማውን ገባ። ኋላ በፓርላማ ሲናገር፣ ሥልጣን በከተማው ምክር ቤት አለ ሲሉት እዚያ ገብቶ እንዳጣው፣ ወደ ካውንቲው ሄዷል ሲሉት እዚያም ደርሶ እንዳጣው አንሥቷል። ቀልድ ቢመስልም የቤድዌልቲን ነገር ላየ ሰው ምክንያት ያለው ንግግር ነው።

ሁሉም መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ከከሰል ሸለቆዎቹ አንዱ የሆነው የሮንዳ ምክር ቤት ያገቡ ሴት መምህራንን ከሥራ አሰናበተ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1923 ምክር ቤቱ ከሥልጣኑ አልወጣም ተብሎ ተፈረደለት። በሌላ በኩል በ1925 የአበርዴሯ ሮዝ ዴቪስ የግላሞርጋን ካውንቲ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች፤ በ1949 ደግሞ ሊቀ መንበር ለመሆን በቃች። ሁለቱ የሆኑት በጎረቤታም ሸለቆዎች፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ነው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመራጮች መዝገቡን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ አቀርባለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸውን ከዌልስ ቤተሰብ እንደ አንዱ አድርገው፣ አባት፣ እናት፣ የ25 ዓመት ልጅና ሎሌ ሆነው፣ በ1925 ማን ለየትኛው ምርጫ ድምፅ እንዳለው ይለያሉ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። በሸለቆዎቹ ፉክክሩ እስከ መጨረሻው እንደጋለ ቆየ?

መልስ 4፦ የኅብረት ሥራ ባለሙያ፣ ከዓለም ከተማ

አልቆየም፤ ይህ ደግሞ የጋሼን ሐሳብ ሳይደግፍ አይቀርም። በ1930ዎቹ ሌበር ፓርቲ በግላሞርጋን ከተደላደለ በኋላ፣ በብዙ ክልሎች የሚገጥመው ጠፍቶ የእርሱም ዕጩዎች ያለ ድምፅ ያልፉ ጀመር። እንዲህ ባለው ቦታ እውነተኛው ምርጫ ወደ ፓርቲው ቅርንጫፍና ወደ ከሰል ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ገባ፤ ማን ዕጩ ይሁን የሚለው እዚያ ተከራክሮ ካለቀ በኋላ የመጋቢቱ ቀን ፎርማሊቲ ብቻ ይሆን ነበር። ፉክክር በቀረባቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ከግራ በኩል የመጣ ነው፤ በሮንዳ ኮሚኒስቶቹ፣ ከእነርሱም ሉዊስ ጆንስ፣ በካውንቲው ምክር ቤት ወንበር እስከ ማግኘት ደርሰዋል። ስለዚህ ልጆቹ የ1937ን ውጤት ሲያዩ ከአንዱ ብቸኛ ስም ጎን «ያለ ተወዳዳሪ» የሚል ቢያገኙ፣ ክልሉ የበግ አርቢዎች ይሁን የከሰል ቆፋሪዎች ከዚያ ብቻ መለየት አይችሉም፤ ዕጩውን ማን እንዳቀረበውና የት እንደተመረጠ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።