ዲፕሎይድ፣ ዲፕሎኮከስ፣ ዲፕሎፒያ… የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

ጠባሴ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን የጤና ተማሪ ነኝ። ባዮሎጂ ላይ ዲፕሎይድ፣ ማይክሮባዮሎጂ ላይ ዲፕሎኮከስ፣ የዓይን ትምህርት ላይ ዲፕሎፒያ። ለየብቻ መሸምደድ ሰለቸኝ። የጋራ ነገር አላቸው ወይስ ስማቸው ነው የገጠመው? ሌላም አለ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለችው አክስቴ ከሰሞኑ ሰው ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታየኛል ትላለች። ዲፕሎፒያ የሚባለው ይሄ ነው?

ላቦራቶሪ፦
አላቸው እንጂ! በግሪክ «ዲፕሎስ» ድርብ ማለት ነው። ዲፕሎማ ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፣ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ነበር። በራስ ቅል ሁለት ንጣፎች መካከል ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ አጥንትም ዲፕሎኤ ይባላል።

የእኔ ሥራ ዲፕሎኮከስ ነው። ኮከስ ክብ ባክቴሪያ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲቀመጥ ዲፕሎኮከስ እንለዋለን። የአቀማመጥ ስም ነው፣ የበሽታ ስም አይደለም። የማጅራት ገትሩ ባክቴሪያ በግራም ቀለም (ባክቴሪያን ለመለየት የምንቀባው ቀለም) ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ጥንዱ ፊት ለፊት የተገጠመ የቡና ፍሬ ይመስላል። የጨብጡም ልክ እንደዚያው ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ዓይተህ ብቻ አትለያቸውም፣ ናሙናው ከአከርካሪ ፈሳሽ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የሚለውን ማወቅ አለብህ፣ ከዚያም ማሳደግና መመርመር ይቀጥላል። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ ደግሞ ሐምራዊ ነው። እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ዲፕሎኮከስ ኒሞኒዬ ነበር ስሙ፤ ፈሳሽ ውስጥ ሲያድግ ሰንሰለት ስለሚሠራ፣ በሰንሰለት ከሚያድጉት ክብ ባክቴሪያዎች ጋር ተመድቦ ስትሬፕቶኮከስ ተባለ። የድሮ መጽሐፍ ላይ ብታየው ሌላ ባክቴሪያ እንዳይመስልህ።

የመንዝ ገብስ፦
እኔ የግብርና ሰው ነኝ፣ ዲፕሎይድን ለእኔ ተዉልኝ። ክሮሞዞሙ፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከመው ነገር፣ ሁለት ስብስብ ነው ማለት ነው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። ሰው 46 አለው። እንቁላልና የወንድ ዘር ግን 23 ብቻ ስለሚይዙ ሃፕሎይድ ናቸው፣ ባለ አንድ ስብስብ።

ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ዲፕሎይድ የሚለው የስብስቡን ቁጥር ነው፣ የክሮሞዞሙን ብዛት አይደለም። ገብሳችን 14 ክሮሞዞም ይዞ ዲፕሎይድ ነው፣ ሁለት ጊዜ 7። የዱረም ስንዴ 28 ነው፣ አራት ስብስብ። የዳቦ ስንዴ 42 ነው፣ ስድስት ስብስብ። አንድ ማሳ ዳር ቆመህ ሦስቱንም ታያለህ።

በቅሎም አለችልህ። ፈረስ 64፣ አህያ 62። በቅሎ ከፈረስ እናቷ 32፣ ከአህያ አባቷ 31 ወስዳ 63 ትሆናለች። ሁለት ስብስብ አላት፣ ግን ክሮሞዞሞቹ በደንብ ስለማይጣመሩ የዘር ሕዋስ መሥራቱ ይበላሻል። የማትወልደው ለዚህ ነው። ፈተና ላይ ከመጣ በቅሎዋን አስብ።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ፈተናው ይቆይና የአክስትህን ነገር እንይ። አዎ፣ ዲፕሎፒያ ይባላል። ደውልላትና ዓይኖቿን በየተራ በመዳፏ ትሸፍን። የትኛውንም ስትሸፍን ድርቡ ከጠፋ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ ቦታ እያዩ አይደለም፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ወይም ነርቭ ላይ ነው። ሌላውን ሸፍናም በአንዱ ብቻ ሁለት ካየች ግን ብዙ ጊዜ የዚያው ዓይን ችግር ነው፣ ሞራ ወይም የመነጽር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስኳርና ግፊት እንዳለባትም ጠይቃት። ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ግን ምርመራው አይዘግይባት። እስከዚያ ገደል ዳር ብቻዋን እንዳትሄድ።

ጠባሴ፦
ደወልኩላት። አንዱን ስትሸፍን ይጠፋል፣ በሁለቱም በኩል። ስኳርም አለባት። ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ላመጣት ነው።

ሲስተር፦
ቅዳሜ አትበል። ድንገት የጀመረ ነገር ነው፣ ስኳርም አለባት። መሐል ሜዳ ሆስፒታል ይቀርባታል፣ ነገ ጠዋት እዚያው ትታይ። የዓይኗ ቆብ ከወረደ፣ ራሷን በኃይል ካመማት፣ ወይም አንደበቷ ከተሳሰረ ደግሞ ነገም አይደለም፣ አሁኑኑ ይውሰዷት። የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ ይዛ ትሂድ።