የልጄ መድኃኒት መጠን ግራ አጋብቶኛል፤ ያለፋችሁበት እርዱኝ
ሰላም እናቶችና አባቶች፣ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተብሎ ትኩረት እንዲያገኝ የሚረዳው ሜቲልፌኒዴት ታዘዘለት። ጠዋትና ምሳ ሰዓት በ5 ሚሊ ግራም ስንጀምር ለውጡ እምብዛም ነበር፤ ሁለት መስመር ጽፎ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ይቀራል። ሐኪሙ ወደ 10 ሲያሳድገው ግን ገጹን ሞልቶ መጣ፤ ደብተሩን ይዤ አለቀስኩ። አሁን ምሳ ዕቃው እንደተሞላ ይመለሳል። እሁድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወስጄው፣ እሾሁን እየለቀመ ይጨርሰው የነበረውን የዓሣ ጥብስ ቀምሶ ገፋው። መድኃኒቱ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ገደማ ሲለቀው ደግሞ በትንሹም በትልቁም ያለቅሳል። በራሴ አልቀንስም፤ ቀጠሮው ግን ገና 3 ሳምንት ይቀረዋል። የእናንተ ልጆች የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ? ሐኪም በመሃል 7.5 ያዘዘለት አለ? ወይስ ቀጠሮውን ሳልጠብቅ ልሂድ?