ጥቆማ፦ ለልጄ የመኪና መንዳት ትምህርት ከየት ልጀምር? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የሊያ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በሚቀጥለው ወር 15 ዓመት ይሞላታል። እዚህ ሜሪላንድ የለማጅ ፈቃድ የሚሰጠው 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላ ስለሆነ ጊዜ አለን፤ ግን እጄን አጣጥፌ ያን ቀን መጠበቅ አልፈልግም። ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ምን ባስተምራት ይጠቅማታል? ማሰልጠኛ ለመምረጥስ የትኛው ይሻላል፦ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ትምህርት ቤት፣ የእኛ ሰዎች የከፈቱት ትንሽ ማሰልጠኛ ወይስ የክፍሉን ትምህርት በኢንተርኔት የሚሰጥ? ዋጋው ብዙ አያሳስበኝም። ወጥታ በሰላም እንድትገባልኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ዓለማየሁ ዘ ጆርጂያ አቬኑ
እህቴ፣ አትድከሚ። ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ የሚያስተምሩ አንድ የእኛ ሰው አሉ። ሦስቱንም ልጆቼን ያስተማሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ፈተና አለፉ። ልጅ ሲሳሳት አይቆጡም። ትምህርቱ ሲያልቅ ይደውሉና «ዛሬ መስመር ስትቀይር ዞር ብላ አላየችም፣ ይህን አለማምዷት» ይላሉ። ሌላ ቦታ ሄደሽ ገንዘብሽን አትበትኚ።

ትዕግሥት ከዊተን
እኔ ደግሞ የደረሰብኝን ልናገር፤ የማሰልጠኛውን ስም ግን አልጠራም። ሕጉ 30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 6 ሰዓት መኪና ላይ ያዛል። ልጄ ከስድስቱ ሰዓት የሚበዛውን ያሳለፈው የአስተማሪውን ጉዳይ ሲያደርስ ነው። ልብስ ንጽሕና ቤት ወስዶት ሱፉን ሲቀበል መኪና ውስጥ ጠበቀው። ሌላ ቀን አስተማሪው ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ እያወራ፣ ልጄ ወደ ግራ ሊታጠፍ መስቀለኛው መንገድ መሃል ገብቶ ቆሟል፤ መብራቱ ወደ ቢጫ ሲቀየር «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ «አንድ ጊዜ ቆይ» አለው። ከፊት የሚመጣው መኪና ባይቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ገንዘቤን መልሱልኝ ብል፣ ልጁ ስድስት ሰዓት ተምሬአለሁ ብሎ የፈረመበትን ወረቀት አሳዩኝ።

ቤተልሔም
ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ስሙን ንገሪን እንጂ። ሌላው ልጅስ?

ዓለማየሁ ዘ ጆርጂያ አቬኑ
እኔ የነገርኳችሁ ሰው ይህን አያደርጉም። ከ20 ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ።

ትዕግሥት ከዊተን
እሳቸው ናቸው አላልኩም።

ዘውዱ
ሱፉስ በደንብ ተተኩሶ ነበር?

ትዕግሥት ከዊተን
ወንድሜ፣ በልጅ ሕይወት አይቀለድም። ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት ወደ ግራ መታጠፍ ፈርቶ ዙሪያውን እየዞረ ነበር የሚሄደው።

ማኅሌት ከአሌክሳንድሪያ
ቨርጂኒያ የለማጅ ፈቃድ በ15 ዓመት ከ6 ወር ይሰጣል። ልምምዱ 45 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። እኛ ባለንበት በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ ወላጅና ልጅ አብረው የሚካፈሉት የ90 ደቂቃ ትምህርት አለ። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ልጄ ከአስተማሪው አፍ ሲሰማው ነው ያመነኝ።

ቤተልሔም
የጠየቀችው ሜሪላንድን ነው።

ሰሎሞን ዲሲ
ዲሲ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። የሚስቴ ወንድም በቅርቡ ነው የመጣው፤ ለእሱ የሚሆን አስተማሪ ብትጠቁሙኝ?

ጋሼ ታክሲ
ልጄ፣ ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ላይ ነኝ፤ አዲስ አበባም እዚህም ነድቻለሁ። ማሰልጠኛው ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መኪና ላይ የሚሰጣት 6 ሰዓት ነው። ሜሪላንድ ከወላጅ ጋር እንድትለማመድ የሚጠይቀው ደግሞ 60 ሰዓት ነው፤ 10ሩ በማታ። የልምምዱ ሰዓት የሚጻፍበት መዝገብ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ሰዓቱ ሳይሞላ የሚፈርሙ ወላጆች አውቃለሁ፤ እባክሽ ከእነሱ አትሁኚ። ስለዚህ ትልቁ አስተማሪ አንቺና አባቷ ናችሁ። ከጎኗ የሚቀመጠው ሰው 21 ዓመት የሞላውና መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቢያንስ 3 ዓመት የሆነው መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ፈቃድ ሳታወጣ በመንገድ ላይ እንዳታስነጃት። የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ባዶ ቢሆንም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ እዚያም አይፈቀድም። ሳትነዳ የምትማረው ግን ብዙ ነው። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከጎንሽ ትቀመጥና የምታየውን ጮክ ብላ ትናገር፦ «ከዚያ ከቆመው መኪና ሰው ሊወርድ ነው»፣ «ኳስ ወጣ፣ ልጅ ይከተላል»፣ «የተማሪዎቹ አውቶቡስ ሊቆም ነው»። አውቶቡሱ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ከኋላውም ከፊቱም የሚመጣ ሁሉ ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ እንደሚቆም፣ መንገዱ መሃል በአጥር ወይም በደሴት ከተከፈለ ብቻ ከወዲያ ማዶ የሚመጣው እንደማይገደድ ከወዲሁ ትወቅ።

ሌላው የስፖኪዮ ነገር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ከአንቺ ጋር ሆኖ፣ ደጃችሁ በቆመው መኪና የሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጫት። አንቺ ከመኪናው ኋላ ተነሺና በጎኑ ቀስ እያልሽ ወደ ፊት ሂጂ። ከስፖኪዮው ስትሰወሪ «ጠፋሽ» ትበልሽ። እዚያው ቁሚና አንገቷን አዙራ በመስኮቱ ትይሽ። አንቺን የምታህል ሰው ከተሰወረችባት፣ ሞተር ሳይክል ምን ያህል እንደሚሰወርባት አስረጂ አያስፈልጋትም። በግራም በቀኝም አድርጉት። መሪውንም ግራና ቀኝ ወገቡ ላይ መያዝ ትልመድ፤ እጇ ወደ ላይ ከሆነ ኤርባጉ ሲፈነዳ ክንዷን ፊቷ ላይ ይወረውረዋል።

ቤተልሔም
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን ለእህቴ ልልክላት ነው።

ኤልያስ
ዋናው መኪናው ነው። ኮሮላ ግዢላት፣ ሌላውን እርሺው። ቶዮታ ነድቶ የተጸጸተ ሐበሻ አላየሁም።

ሣራ ነርስ
ኤልያስ፣ ስሙ ብቻ አይበቃም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም (አይአይኤችኤስ) ለወጣቶች የሚሆኑ ያገለገሉ መኪናዎችን ዝርዝር ያወጣል፤ በጣም ትንንሾቹንና ጉልበተኛ ሞተር ያላቸውን አይመክርም። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው መሣሪያ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ ስለሆነ ከዚያ በታች አትውረዱ።

ኤልያስ
አባቴ የ1998 ኮሮላውን እስከ ዛሬ ይነዳል፤ አንድም ቀን አልተንሸራተተም።

ዘውዱ
ፍሬንስ? እኛ የተማርነው ጫን ለቀቅ እያደረግን መያዝ ነው። ልጄን እንዲያ ሳስተምረው አስተማሪው ተው አለኝ።

ጋሼ ታክሲ
አስተማሪው ልክ ነው። ያ ለድሮ መኪና ነበር። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ባለው መኪና ድንገተኛ ነገር ሲመጣ እግሯን ሳታነሳ አጥብቃ ትርገጥ። ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያሰማል። ብዙ ለማጅ በዚያ ደንግጦ እግሩን ያነሳል፤ ስለዚህ ፈቃዱ ሲወጣ ጸጥ ባለ ቦታ አንድ ሁለት ጊዜ ስሜቱን ትወቀው።

ሣራ ነርስ
ለዚያ የሚሆን ሥልጠናም አለ። ዳግ ኸርበርት የተባለ የመኪና ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት ልጆቹን በመኪና አደጋ ካጣ በኋላ ብሬክስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ለወጣቶች ድንገተኛ ፍሬን አያያዝና የተንሸራተተ መኪና መቆጣጠርን ያስተምራሉ፤ ወላጅም አብሮ ይገኛል። የለማጅ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ልጅሽ ጥቂት ትጠብቃለች። የማሰልጠኛውን ምትክ አይሆንም፤ ከእሱ በኋላ የሚጨመር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያውን መንጃ ፈቃድ በ16 ዓመት ከ6 ወር ስታገኝ፣ ለ151 ቀን ከቤተሰብ በስተቀር ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሰው ማሳፈር አትችልም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓትም ብቻዋን መንዳት ተከልክሏል፤ ለሥራና ለትምህርት ቤት ጉዳይ ካልሆነ። እኔ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ሲነዳና ጓደኞቹን ጭኖ ሲነዳ አንድ ሰው አይደለም። ይህን ሕግ «ዛሬ ብቻ» ብላችሁ አታላሉ፣ እለምናችኋለሁ።

ትዕግሥት ከዊተን
ለማሰልጠኛ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦ ልጄን ሁልጊዜ አንድ አስተማሪ ነው የሚይዛት? ሌላ ተማሪ ለማድረስ ሰዓቷ ይቆረጣል? አንዱን ትምህርት እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማየት እችላለሁ? እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም ነበር።

የሊያ እናት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትዕግሥት፣ ልጅሽ እንኳን ተረፈልሽ። ጋሼ፣ የስፖኪዮውን ትናንት ሞከርነው፤ ልጄ «እማዬ፣ ጠፋሽ» ያለችው የኋላው በር አጠገብ ስደርስ ነው፤ ሁለታችንም ደነገጥን። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ የለማጅ ፈቃድ ስታወጣ ለኢንሹራንሱ ወዲያው ማሳወቅ አለብኝ?

ኤልያስ
አሳውቂ። እኔ ያለሁበት ኩባንያ ጥሩ ነው፣ ወደ እሱ ቀይሪ።

ዓለማየሁ ዘ ጆርጂያ አቬኑ
የሰውዬውን ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቶሎ ይሞላባቸዋል።

ሰሎሞን ዲሲ
ለእኔም ይላኩልኝ፤ ለሚስቴ ወንድም።