ኦንላይን መጠይቅ እየሞሉ ተጨማሪ ገቢ፦ ከመሃል ለምን ያስወጣል? ሰዓቱስ ያዋጣል?

ሰናይት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በትርፍ ሰዓት ኦንላይን መጠይቅ በመሙላት ትንሽ ገንዘብ መጨመር ፈልጌ ሁለት ሳይት ላይ ተመዝግቤያለሁ። አስራ አምስት ደቂቃ ካስሞላ በኋላ "ይቅርታ፣ ለዚህ ጥናት ብቁ አይደሉም" ብሎ የሚያስወጣው ለምንድን ነው? አንዱ ሳይት በነጥብ፣ ሌላው በዶላር ነው የሚከፍለው፤ የቱ እንደሚሻል በምን ላወዳድር? ደግሞ ገንዘቡ ሊወጣ ሲል አካውንት ይዘጋል ይባላል፣ እውነት ነው?

ቆጣሪው፦
እህቴ፣ "ብቁ አይደሉም" የሚለው መልእክት አንድ ይሁን እንጂ ከጀርባው ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደወጣሽ ካየሽ ትለያቸዋለሽ።

አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ካስወጣሽ ማጣሪያው ነው። ጥናቱን የሚያሠራው ድርጅት የሚፈልገው ሰው የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ ከ25 እስከ 34 ዓመት የሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላቸው እናቶች ብቻ። እድሜና የቤተሰብ ብዛት ገና ከመነሻው የሚጠየቀው ለዚህ ነው። "እርስዎ ወይም ከቤተሰብዎ አንዱ በማስታወቂያ፣ በገበያ ጥናት ወይም በሚዲያ ይሠራሉ?" የምትለዋም ማጣሪያ ናት። የሙያውን ሰው መልስ ስለማይፈልጉት አዎ ያለ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይወጣል።

ሁለተኛው ኮታ ነው። ለእያንዳንዱ የእድሜ ክልልና ፆታ የተመደበ ቁጥር አለ፤ ቀድሞ የገባ ይሞላዋል። አንቺ የሚፈለገው ሰው ብትሆኚም ቦታው ካለቀ አለቀ። ግብዣው በኢሜይል ሲደርስሽ ወዲያው ካልከፈትሽው ማታ ላይ ተዘግቶ የምታገኚው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የጥራት ቁጥጥር ነው። ብዙ ካስለፋ በኋላ የሚያስወጣው በአብዛኛው ይኸኛው ነው፣ ከታች ሌሎቹ ይጽፉበታል ብዬ ተውኩት። ማጣሪያውን መጨረሻው ላይ የሚከቱ በደንብ ያልተዘጋጁ መጠይቆችም ግን አሉ፤ የሰውን ሰዓት ወስዶ ሳይከፍሉ መሸኘት በደል ነው፣ እንዲህ የሚያደርግ ሳይት ላይ አትቆዪ።

አንድ ልብ በይ፦ አንዳንድ ሳይት የራሱ መጠይቅ የለውም፣ ከሌሎች ተቀብሎ ያቀብላል። ከአንዱ ስትወጪ ወደ ሌላው ይልክሽና እድሜሽንና የፖስታ ቁጥርሽን እንደገና ይጠይቃል። ሁለቴ ካዞረሽ ዝጊው፤ ሰዓት የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

ደብተር፦
ማወዳደሪያው በሰዓት ስንት ይገኛል የሚለው ብቻ ነው። መጀመሪያ ነጥቡን ወደ ገንዘብ ቀይሪ። ስዋግባክስ የሚባለው ሳይት ላይ 100 ነጥብ 1 ዶላር ነው፤ ሌላ ቦታ 1000 ነጥብ አንድ ዶላር ላይሞላ ይችላል። ቀጥሎ መጠይቁ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ትተሽ የፈጀብሽን ያዢ፣ ያስወጡሽንም ጨምረሽ።

"10 ደቂቃ፣ 60 ሳንቲም" የሚል መጠይቅ ነው እንበል። ስትሞዪው 14 ደቂቃ ፈጀ። ከእሱ በፊት ሁለት ሌሎች 4 እና 6 ደቂቃ ወስደው አስወጥተውሻል። ጠቅላላው 24 ደቂቃ ሆነ፤ ያገኘሽው 60 ሳንቲም፤ በሰዓት ሲሰላ 1 ዶላር ከ50። ማስታወቂያው ግን በሰዓት 3 ዶላር ከ60 ያስመስለዋል። ለሁለት ሳምንት የገባሽበትን ሰዓት፣ የወጣሽበትን ሰዓትና የተከፈለሽን በየሳይቱ መዝግቢ፤ የትኛውን መተው እንዳለብሽ ከዚያ በኋላ ሰው መጠየቅ አያስፈልግሽም።

የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ፕሮሊፊክ የሚባለው ሳይት አሠራሩ ይለያል። ስለ ራስሽ የሚጠየቀው አስቀድሞ ስለሚሞላ የሚቀርብልሽ የሚመለከትሽ ጥናት ነው፤ ከመሃል መባረርም ያንሳል። ተመራማሪው በሰዓት ቢያንስ 8 ዶላር ወይም 6 ፓውንድ እንዲከፍል ደንብ አለው፣ መልስሽን በ21 ቀን ውስጥ ካላየ ደግሞ ክፍያው በራሱ ይጸድቃል። ችግሩ የሁሉንም አገር ነዋሪ አይቀበልም፤ ጥናቱም ቀኑን ሙሉ አይገኝም፣ ሲመጣም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። መጨረስ የማትችዪውን ጥናት ሳትጨርሺ ራስሽ ተመላሽ አድርጊው። ተመላሽ ማድረግ አያስቀጣም፤ መልስሽ ውድቅ ከተደረገ ግን አካውንቱ ላይ ይመዘገባል።

ጥንቁቅ፦
የአካውንት መዘጋት እውነት ነው፣ ግን አብዛኛው በሁለት መንገድ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው የመልስ ጥራት ነው። ሲስተሙ ስንት ሰከንድ እንደፈጀብሽ ይቆጥራል፤ ሌላው ሰው 12 ደቂቃ የሚወስድበትን በ4 ደቂቃ የጨረሰ ሳያነብ እንደሞላ ይቆጠራል። ሠንጠረዥ ሲመጣ ከላይ እስከ ታች አንዱን አምድ ብቻ መጫንም ያስይዛል። ከሠንጠረዡ መሃል "ይህን እያነበቡ ከሆነ 'በጣም አልስማማም' የሚለውን ይምረጡ" የሚል መስመር ይደበቃል። የምታውቂያቸውን ብራንዶች ምረጪ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የሌለ ስም ይከታሉ፤ ብዙ ብራንድ ማወቅ ያሳልፋል ብሎ ሁሉንም የነካ እዚያው ያልቅለታል። መጀመሪያ ላይ በተወለድሽበት ዓመት፣ መጨረሻ ላይ በእድሜ ይጠይቁሻል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ወጣሽ። በጽሑፍ በሚመለሰው ላይ "ጥሩ" ብቻ ብሎ ማለፍ፣ ወይም ከሌላ ቦታ ቀድቶ መለጠፍም አያዋጣም፤ በራስሽ ቃል አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሁለተኛው ማንነት ነው። ቪፒኤን (ያለሽበትን አገር የሚደብቅ ፕሮግራም) ከፍቶ መግባት አካውንት ከሚያዘጉ ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ ሳይቶች ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ቤት ሁለት አካውንት አይቀበሉም፣ ስለዚህ እህትሽም እዚያው ዋይፋይ ላይ የምትሠራ ከሆነ ደንቡን ቀድመሽ አንብቢ። የተመዘገብሽበት ስም ክፍያው ከሚላክበት የፔይፓል (የኦንላይን ገንዘብ መቀበያ) አካውንት ስም ካልገጠመ ደግሞ ችግሩ የሚታየው ገንዘብ ልታወጪ ስትይ ነው። ሰው "ሊከፍሉኝ ሲሉ ዘጉብኝ" የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄን ነው፤ ማጣራቱ የሚደረገው በክፍያ ሰዓት ስለሆነ።

የብራውዘሩን አውቶማቲክ ትርጉም አጥፊ። የጥያቄውን ቃል ስለሚቀይረው ያ የተደበቀው መስመር ሊያመልጥሽ ይችላል፤ ገጹንም አንዳንዴ ያበላሸዋል።

ሰናይት፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ቴሌግራም ላይ "ትንሽ ከፍለሽ ተመዝገቢ፣ ከፍ ያለ ክፍያ ያላቸው መጠይቆች ዝርዝር ይሰጥሻል" የሚሉ አሉ። የሌላ አገር አካውንት የሚሸጡም አይቻለሁ።

ቆጣሪው፦
ሁለቱንም ተያቸው። ትክክለኛ ሳይት የሚከፈለው ከጥናት አሠሪው ስለሆነ ከአንቺ ገንዘብ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የተገዛ አካውንት ደግሞ መታወቂያ በተጠየቀ ቀን የሻጩ እንጂ የአንቺ አይደለም፤ እስከዚያ የሠራሽው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የባንክ የይለፍ ቃል፣ የካርድ ቁጥር፣ በስልክ የሚላክ ኮድ የሚጠይቅ መጠይቅ ካጋጠመሽ መጠይቅ አይደለም፣ ዝጊው።

ደብተር፦
ከመመዝገብሽ በፊት የክፍያ ገጹን አንብቢ። ዝቅተኛው የሚወጣ መጠን ስንት ነው? በፔይፓል ነው ወይስ በስጦታ ካርድ ብቻ? ነጥቡስ ሳትገቢ ከቆየሽ ይቃጠላል? 30 ዶላር ሳይሞላ የማያወጣ ሳይት ላይ በሳምንት 2 ዶላር የምታገኚ ከሆነ የመጀመሪያው ክፍያ ከሦስት ወር በላይ ይወስዳል። ዝቅተኛው እንደሞላ አውጪው፣ አታጠራቅሚ። ተሰጥቶ የነበረ ነጥብ ጥናት አሠሪው መልሱን ካልተቀበለው ተመልሶ ሊቀነስ ስለሚችል፣ የጨረስሽበትን የመጨረሻ ገጽና የጥናቱን ቁጥር ስክሪንሹት አንሺ። ለሳፖርት ስትጽፊ ቀኑን፣ የጥናቱን ቁጥርና ስክሪንሹቱን አያይዘሽ በአንድ መልእክት ላኪ። ለመጠይቅ ብቻ የሚሆን የተለየ ኢሜይልም ክፈቺ፤ ግብዣው ብዙ ስለሆነ ዋናውን ያጨናንቅብሻል።