የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ላይ የፈጠራ ታካሚዎችን በብዛት ማስገባት የቻለ ካለ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የፋርማሲ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። አንድ ነገር ጨንቆኛል።

ተማሪዎቼ ለልምምድ ሆስፒታል ሲወጡ የታካሚው ካርድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ክፍል ውስጥ የለመዱት ግን ወረቀት ነው። በቀደም አንዷ ተማሪዬ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ለምትወስድ ታካሚ ኮትራይሞክሳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ሳታየው አለፈች። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ የላብራቶሪ ቁጥር) ይጨምራል፣ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ልጅቷ ይህን በቃሏ ታውቀዋለች። ያመለጣት የመድኃኒቱ ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ፣ የላብራቶሪው ውጤት ሌላ ገጽ ላይ ስለሆነ ነው። ደግነቱ ነባሩ ፋርማሲስት ደረሰበት። እኔ ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ስለዚህ ባህምኒን ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ኦፕንኤምአርኤስ በሚባል የሕክምና መዝገብ ሥርዓት ላይ የተሠራ ነጻ የሆስፒታል ሶፍትዌር ነው። የእውነተኛ ሰው ፋይል መጠቀም አልፈልግም። ስም መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ዕድሜና ቀበሌ ተደምረው ሰውየውን ያሳውቁታል። ስለዚህ ታካሚዎቹን ራሴ እየፈጠርኩ ነው። ጄንታማይሲን (ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል አንቲባዮቲክ) ላይ ሆና ክሬአቲኒኗ (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) በየቀኑ የሚጨምር አንዲት ታካሚ ብቻ ሁለት ሌሊት ወሰደችብኝ። ተማሪዎቼ ደግሞ 30 ናቸው።

ብዙ ታካሚዎችን ከነላብራቶሪ ውጤታቸው ከኤክሴል በአንዴ ያስገባ አለ? ያለፉ ቀኖችንስ እንዴት ሞላችሁ? አንዱ ተማሪ የጻፈውን ሌላው እንዳያይ ለየብቻ ቅጂ የምሰጥበት መንገድስ? ልምምዱ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።